ሳይረስ ያላጠፋው መብራት

በእኛ ወደብ የአንድ ጀልባ መብራት መርገብገብ ወይም ፓምፗ መለገም ሲጀምር ማንም መጀመሪያ መሣሪያ አያነሳም፤ የሚፈለገው ሳይረስ ነው። ሳይረስ ሲጠሩት አይቸኩልም። ከከንፈሩ ጥግ የማትለየውን የክብሪት እንጨት እያኘከ፣ በተንሳፋፊው መተላለፊያ ላይ ካገኘው ሁሉ ጋር እየተቃለደ ይደርሳል። ከዚያ ባለቤቱ ችግሩን ተናግሮ ሳይጨርስ ወደ ጀልባዋ ሆድ ይወርድና ያሸታል። የተቃጠለ ሽቦ፣ ከልኩ በላይ የተሞላ ባትሪ፣ ጨው የበላው መዳብ፣ ለእሱ እያንዳንዱ የየራሱ ሽታ አለው። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ከታች ይሰማል።

«ሄዷል። መመለሻ ነው ያጣው።»

ኤሌክትሪክ ከባትሪው በአንድ ሽቦ ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ በሌላ ሽቦ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። መመለሻው ከተቋረጠ መሄጃው የቱንም ያህል ቢያምር አምፖሉ አይበራም። ሰው ግን ሁልጊዜ የሚፈትሸው መሄጃውን ነው። ሳይረስ ቀድሞ መመለሻውን ይከተላል፤ ብዙውን ጊዜም አንድ ጨለማ ጥግ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት የወረሰው ጫፍ ይጠብቀዋል። አሁን አሁን ስለ መሄድና ስለ መመለስ ማሰብ ሳበዛ ይህች አነጋገሩ ትመጣብኛለች።

ሌላው የታወቀበት ነገር ቀይ ቀለም ነው። ጀልባዎቻችን ሁለት ዓይነት ባትሪ ይይዛሉ። አንደኛው ለመብራቱ፣ ለሬዲዮውና ከጀልባዋ ሆድ ውሃ ለሚተፋው ፓምፕ ነው፤ ሌላው ሞተር ከማስነሳት በቀር ሥራ የለውም። በመካከላቸው ሁለቱን የሚያገናኝና የሚለያይ ክብ ማዞሪያ አለ። ብርድ ሲጠና ሁለቱን አገናኝቶ ሞተር ማስነሳት ነውር የለውም። ነውሩ ከዚያ በኋላ መለያየቱን መርሳት ነው፤ መብራቱ ሁለቱንም አብሮ ይጠባቸውና ሞተር የሚያስነሳ ጉልበት አይተርፍም። ሳይረስ ይህን የረሳ ሰው ሲያገኝ አይቆጣም። ከኪሱ ትንሽ ጣሳ ቀይ ቀለም አውጥቶ ማዞሪያውን ይቀባውና «ከእንግዲህ ስታየው እኔን ታስታውሳለህ» ብሎ ይሄዳል። የወደቡ እኩሌታ ጀልባ ቀይ ማዞሪያ አለው። የእኔም ቀይ ነው። የሳልመን ዓሣ አጥማጆቹ አንጋፋ ሽማግሌው ኦገስት ደግሞ ሁለት ጊዜ ተቀብቶበታል፤ ለዚህም ሳይረስን አንድም ቀን ይቅር ብሎት አያውቅም።

እኅቱ ሙሪየል የሞተችው በጥቅምት ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። ቀን ዓሣ በቆርቆሮ የሚታሸግበት ፋብሪካ ቆማ ትውላለች፣ ማታ የወንድሟን ካልሲ ምድጃ ላይ ታደርቃለች። ቤቷ ባሕሩ ዳር በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው፤ ከደጃፉ በላይ አንድ አምፖል አለ። ሳይረስ ባሕር ላይ ከሆነ አምፖሉ ይበራል። ኋላ እሱ የራሱን ቤት ሠርቶ፣ አግብቶ፣ ልጆች ከወለደ በኋላ ግን አምፖሉ ጨርሶ አይጠፋም ነበር። የኤሌክትሪክ ሥራ የጀመረውም በዚያው ነው። ልጅ ሳለ የዛገውን የአምፖል መያዣ ልጠግን ብሎ ወንበር ላይ ወጣ፣ ነዘረው፣ ከነወንበሩ ወደቀ። ሙሪየል አንስታ ልብሱን አራገፈችለትና ወንበሩን መልሳ አቆመችለት። «በል ጨርሰው» ብቻ ነው ያለችው ይባላል።

በእኛ በትሊንጊቶች፣ በዚህ የሰሜን ባሕር ዳርቻ ነባር ሕዝብ ዘንድ፣ ሰው በትውልድ ወገኑ ወይ ቁራ ነው ወይ ንስር፤ ትዳርም ከወዲያኛው ወገን ነው። ሳይረስና ሙሪየል ንስሮች ናቸው። እኔ ቁራ ነኝ፤ ሚስቴ የእነሱ የአጎት ልጅ ናት፤ ስለዚህ እኔና ሳይረስ አማቾች ነን። አማቾች ደግሞ ካልተሰዳደቡ የተጣሉ ይመስላል። የንስሮቹን ሟች አጥበን የምንቀብር እኛ ቁራዎቹ ነን፤ በአርባው ንስሮቹ እኛን ያበሉናል። ማዕዱ ላይ የሚቀርበው ሟች በሕይወት ሳለች የምትወደው ነው። ከዚያም ከሁሉም ተቆንጥሮ በሳህን ይደረግና እሳት ውስጥ ይገባል፤ ለእሷ የሚደርሳት ያ ነው።

ሙሪየል የምትወደውን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ያጨሰችው ሳልመን ተርፏል፤ የለቀመችው የባሕር ቅጠል ደርቆ ተቀምጧል፤ አቆስጣ ከሚባለው የባሕር አውሬ ስብ ያቀለጠችው ዘይትም በማሰሮ አለ። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ግን ያልታየ ነበር፤ በድንች የተቀቀለ ትኩስ የአጋዘን አንገት። ያ መኸር ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ አልተኛም። ከወደብ የወጣ አዳኝ የለም፤ የአምናው ሥጋም ከየቤቱ ማቀዝቀዣ አልቋል። ሴቶቹ በአዳራሹ ወጥ ቤት ተሰብስበው ያለውን አሰናዱ፤ ስለ ጎደለው ማንም አላነሳም። ሳይረስ ግን በየቀኑ ወደ መተላለፊያው ወርዶ ሰማዩን ያያል። ሙሪየል አልጋ ላይ ሳለች የዘንድሮውን አጋዘን አመጣልሻለሁ ብሏት ነበር። እሷም ፈገግ ብላ ዓይኗን ጨፈነች አሉ።

አርባው ሁለት ቀን ሲቀረው የአየር ትንበያው ነፋሱ ከዚያ ቀን ከሰዓት ጀምሮ ለአንድ ቀን ብቻ እንደሚበርድና በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ብሶ እንደሚመለስ ተናገረ። ሳይረስ በሬን አንኳኳ።

«ጠብመንጃህ ዝጓል ወይስ አንተ ነህ የዛግከው?» አለኝ።

እኔ ተጋባዥ እንደሆንኩ፣ የምበላውን ሥጋ ራሴ እንድጎትት ማድረግ ለንስሮች ሁሉ ውርደት እንደሆነ ነገርኩት። መብላትህ ካልቀረ፣ ብትሸከመው ይፈጭልሃል አለኝ። ሚስቴ ወፍራሙን ሹራቤን አቀበለችኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በሳይረስ ጀልባ ቺቻጎፍ የሚባለውን ደሴት ዞረን አንድ የምናውቀው የባሕር ሰርጥ ገብተን መልሕቅ ጣልን። ሲመሻሽ ሳይረስ የጀልባዋን የምሰሶ መብራት አበራ። ጠዋት ታንኳዋን ስናወርድ ሰማዩ ከግራጫ ወደ ነጭ እየዞረ ነበር፤ መብራቱ ግን እንደበራ ነው። ሰው የብስ ላይ ወርዶ ሳለ ጀልባዋ ላይ መብራት መተው የሁላችንም ልማድ ነው፤ በዚህ አገር ጉምና ጨለማ ድንገት ነው የሚወርዱት። ቢሆንም ጀልባዋን ትተን የምንወርደው ብርሃን ሲወጣ ከሆነ አጥፍተን ነው።

«ነግቷል እኮ፣ አታጠፋውም?» አልኩት።

«ይብራ» አለኝ። ዞር ብሎም አላየው።

በረዶው ከተራራው አጋዘኖቹን ወደ ባሕሩ ገፍቷቸዋል። በጥዱ ውስጥ ትንሽ እንደወጣን አዲስ ኮቴ አየን፤ ጥቂት አለፍ ብሎ ደግሞ የድብ ኮቴ፣ እሱም አዲስ። ሳይረስ ሁለቱንም አይቶ ክብሪቷን ከአፉ አወጣና ጀርባውን እንድጠብቅ በግንባሩ ምልክት ሰጠኝ። ከዚያ በሁለት አውራ ጣቶቹ መካከል ቅጠል ወጥሮ እንደ ሴት አጋዘን ነፋ። ቀጭን ድምፅ ናት፣ ሕፃን የተከፋ ይመስላል። ያቺን ድምፅ የሰማ ወንድ አጋዘን ይመጣል፤ የራበው ድብም ይመጣል፤ የትኛው እንደሚቀድም የሚያውቅ የለም። ነፋ፤ ጠበቅን። እንደገና ነፋ። የኔ ዓይን ከኋላችን ያለውን እያንዳንዱን ጉቶ ድብ አድርጎት ነበር።

የመጣው አጋዘን ነው። አንገቱ የወፈረ፣ ቀንዱ አጭር፣ ቆሞ በግርምት የሚያየን። ሳይረስ ተኮሰ፤ አንድ ጥይት በቃ። ኮፍያውን አውልቆ ተንበረከከና እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ በቋንቋችን ዝቅ ብሎ አናገረው፤ ለማን እንደሚወስደው ነገረው፣ ስለመጣም አመሰገነው። እኛ ዘንድ «ገደልኩ» ብሎ የሚኩራራ የለም። መጣልን ነው የሚባለው። ሲነሳ ፊቱ ከሙሪየል ቀብር ወዲህ ያላየሁትን መልክ ይዞ ነበር፤ ከባድ ዕቃ ያወረደ ሰው መልክ።

ተራ በተራ እየጎተትን ወረድን። እኔ ባረፍኩ ቁጥር የሚያውቃቸውን የቁራ ሰነፎች ሁሉ ከነአያቶቻቸው እየጠራ ይቆጥርልኛል። ከዛፎቹ ወጥተን ጠጠሩ ላይ ስንደርስ ግን ድምፁ ቆመ። ዞር ብዬ አየሁት። ጀልባዋን እያየ ነው። የምሰሶው መብራት እንደበራ ነበር፤ ነገር ግን ነጭ መሆኑ ቀርቶ የቀጠነ ሻይ መስሏል። እያየነው ወደ ፍም ቀላ፤ ከዚያም ፍሙ ራሱ ጠፋ።

ወደ ታንኳዋ ገባን። ቀዛፊው እሱ ነው፤ አጋዘኑ በመካከላችን ተጋድሟል። ጀልባዋ ላይ ስንወጣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወረደ። እኔም ተከትዬ በጓዳው ደብዛዛ ብርሃን ማዞሪያውን አየሁት። ሁለቱንም ባትሪ እንዳገናኘ ነው። ከወደብ ስንወጣ ሞተሩ በብርዱ አልነሳ ሲለው አገናኝቶ አስነሳው፤ መልሶ አልለያየውም። ማዞሪያው ላይ ቀይ ቀለም የለም። የራሱን ጀልባ ማን ይቀባለት?

ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለጠ። ጀልባዋ አሮጌ የእንጨት ጀልባ ናት፣ ውሃ ትጠባለች፤ ፓምፑ ቆሟል፤ ውሃው ወደ ሞተሩ እግር እየተጠጋ ነው። ሬዲዮው ዝም ብሏል። ሰርጡ አፉን የከፈተው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ነፋሱ ሲመለስ ቀጥታ የሚገባው በእኛ ላይ ነው። ትንበያውን ሰምቶ ከእኛ በቀር ወደዚህ የመጣ የለም። ለነፍሳችን እንኳ ብዙም አልሰጋሁም፤ ታንኳ አለን፣ የብስ ቅርብ ነው፣ እሳት እናነዳለን። ግን ሞተሩ ካልተነሳ አጋዘኑም ከእኛ ጋር ይቀራል። ነገ የሙሪየል ሳህን ያለ እሱ እሳት ውስጥ ይገባል፤ ሳህኑ ደግሞ ተመልሶ የሚወጣ ነገር አይደለም።

ሳይረስ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ክብሪቷ ከአፉ ወድቃ ነበር። ልሰድበው አሰብኩ፤ ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩት ዕድል ነበር። አልቻልኩም። የእጅ ፓምፑን አንስቼ ውሃውን መግፋት ጀመርኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነሳ። የማስነሻውን ባትሪ ከሽቦዎቹ ሁሉ ፈትቶ አቅፎ አወጣው፤ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ የተኛ ልጅ እንደሚያነሳ ሰው። ምድጃችን ናፍጣ በጠብታ የሚወርድበት ነው፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ እንደሞቀ ነበር። ባትሪውን አጠገቡ አስቀምጦ በሹራቤ ሸፈነው። ብርድ የባትሪን ጉልበት እንደሚያስር፣ ሙቀት ካገኘ ከተረፈው ላይ ትንሽ እንደሚለቅ ነገረኝ፤ ያም ለአንድ ጊዜ ቁልፍ መጫን ከበቃ ነው። ከዚያ ውሃ ጣደ፤ ፎጣዎቻችንን በፈላ ውሃ እየነከረ ሞተሩን ጠቀለለው። አሮጌ የናፍጣ ሞተር ነው፣ አንዴ ከዞረ በራሱ ይሄዳል። አንዴ የሚያዞረው ነው የጠፋው።

መጠበቅ ሆነ። ተራ በተራ ውሃ እንገፋለን፣ ፎጣ እንቀይራለን። አጋዘኑ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ዝናቡ ያጥበዋል። የሰርጡ አፍ ላይ ነጭ አረፋ መታየት ሲጀምር እንሞክረው አልኩት።

«አትጎትጉተው፤ ያኮርፋል» አለኝ። ቀልድ ሊሆን ሞክሮ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ባትሪውን በሹራቡ ላይ እየዳሰሰ ተናገረ።

«አማቼ፣ ትናንት ከመውጣታችን በፊት በቤቷ በኩል አለፍኩ። የደጃፉ አምፖል ጠፍቷል። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ባሕር ልወጣ ስል ጠፍቶ አይቼው አላውቅም።»

የሙሪየል ልጅ ቬርና ናት ያጠፋችው አልኩት፤ ባዶ ቤት ነው፣ ምን ታድርግ።

«አውቃለሁ። አልተቀየምኳትም። ግን ዛሬ ጠዋት አጥፋው ስትለኝ እጄ እምቢ አለኝ። አንድ እንኳ ይብራ አልኩ።» ፎጣውን ጨመቀ። «እሷን ለማብላት መጥቼ ለእሷ ባበራሁት መብራት ልቀር ነው።»

ሰው የሚወደውን ባጣ ጊዜ እጁ የሚያውቀውን ይሠራል፤ የእሱ እጅ የሚያውቀው መብራት ነው። ሻይ ቀዳሁለት። ባትሪው ሞቆልሃል፣ አንተ ግን እየቀዘቀዝክ ነው፣ ጠጣ አልኩት። ጠጣ።

ጀልባዋ መልሕቋ ላይ መንጠር ስትጀምር «በቃ» አለ። ባትሪውን አቅፎ አወረደው። የሽቦዎቹን ጫፍ በቢላ ፋቀ፤ መመለሻውን ሁለት ጊዜ ፋቀው። ከማስነሻው በቀር ምንም አላሰረበትም። እኔን ቁልፉ ላይ አቆመኝ፤ እሱ ሞተሩ አጠገብ ተንበርክኮ የናፍጣ መስጫውን ያዘ።

«ተጫን፤ ልቀቅ እስክልህ እንዳትለቅ።»

ተጫንኩ። ሞተሩ አቃሰተ። አንድ ዙር፣ ዝግ ያለ፣ እንደ አሮጌ በር። ሌላ ዙር፣ ከፊተኛው የባሰ ዝግ ያለ። ሊቆም ነው ብዬ ጣቴን ላነሳ ስል አንዷ የሞተሩ ሲሊንደር እህ ብላ ሳለች። ከዚያ ሁለተኛዋ። ከዚያ ሁሉም ባንድነት ያዙና የጓዳው ወለል ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ።

ሳይረስ ልቀቅ ማለቱን ረሳ። እኔም ለመልቀቅ ረሳሁ፤ ማስነሻው ሲጮህ ነው ሁለታችንም የባነንነው። ከእርጥቡ ወለል ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ ሳቁ ሲመጣበት አየሁት፣ መጀመሪያ በትከሻው፣ ኋላ በሙሉ ሰውነቱ። ሁለተኛውን ባትሪ አገናኝቶ የባትሪ መሙያ መለኪያዋን መርፌ አሳየኝ። ወደ ቀኝ አዘንብላለች።

«እየበላ ነው» አለ።

ፓምፑ ሁለቴ አስነጠሰና ውሃውን ወደ ባሕር ይተፋ ጀመር። ከዚያ ድምፅ የሚጣፍጥ ዜማ ሰምቼ አላውቅም። መልሕቅ አንስተን ማዕበሉ ላይ እየወጣንና እየወረድን ጫፉን ስንዞር ሬዲዮው ተንጫጫ፤ በመካከሉ የቬርና ድምፅ መጣ። ለካ ቀኑን ሙሉ ስትጠራን ውላለች፤ ድምፅዋ ሻክሯል።

«አጎቴ፣ ትሰማኛለህ? አጎቴ።»

ሳይረስ መነጋገሪያውን አነሳ።

«እሰማለሁ፣ ልጄ። ድንች መላጥ ጀምሩ።»

ወዲያ በኩል ወጥ ቤቱ ሙሉ ሴቶች ሲስቁ ተሰማን።

ነፋሱ ከኋላችን እየገፋን ወደ መንደሩ መግቢያ ስንደርስ ጨለም ብሎ ነበር። ከሁሉ ቀድሞ የታየን የሙሪየል ደጃፍ ነው። አምፖሉ በርቷል። ቬርና ኋላ እንደነገረችን፣ ሬዲዮው አልመልስ ሲላት መቀመጥ አቅቷት ሄዳ አብርታው ነበር። ሳይረስ የምሰሶውን መብራት አንዴ አጠፋና መልሶ አበራው፤ ሰው ከሩቅ ሰላም እንደሚል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ማዞሪያውን ሲፈትሽ አየሁት። ባትሪዎቹ ተለያይተዋል። ቢሆንም እንደገና ነካው።

በማግሥቱ ተበላ። ንስሮቹ ቆመው አስተናገዱን፤ እኛ ቁራዎቹ ተቀምጠን ተመገብን። የአንገቱ ሥጋ በድንች ተቀቅሎ ከላዩ የአቆስጣ ዘይት አብረቀረቀ። የሙሪየልን ሳህን ሳይረስ ራሱ ይዞ ወደ እሳቱ ወረደ። ስሟን ጠራ፣ የእናቶቿን ስም ጠራ፣ ሳህኑን አስገባ። ስቡ ሲነካ እሳቱ ከፍ ብሎ ነደደ፤ ቬርና «ደረሳት» አለች። ሳይረስ እጆቹን ሱሪው ላይ ጠረገ። ተመልሶ ሲመጣ አጠገቤ ቆሞ ጎድጓዳ ሳህኔን ሞላልኝ፤ ስንፍናዬን ሳያነሳ ያለፈው በዚያች አንዲት ጊዜ ብቻ ነው።

ስለ ማዞሪያው እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ሚስቴን ከሰው ካልቆጠራችኋት። ከአርባው በኋላ ወደብ ስወርድ ሽማግሌው ኦገስት መተላለፊያው ላይ በርሜል ላይ ተቀምጦ ሳይረስን ይጠብቃል፤ ጣቶቹ እስከ አንጓቸው ቀይ ናቸው። ሳይረስ መጣ፣ ሰላም አለው፣ ጀልባው ገባ። ቆየ። ኦገስት አንገቱን አስግጎ ጆሮውን አዘነበለ።

ድምፁ ከታች መጣ።

«ኦገስት፣ ይሄ ቀለም ሳስቷል። ና ድገምበት።»